ጣናን በሦስት ማዕዘን መሸፈን

ባሕር ዳር ተቀምጬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣናን በሦስት ማዕዘኖች ስሸፍን ከረምሁ። ነፋስ ሲነሳ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ የሚገልጸውን ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (ነገሮች በቦታና በጊዜ እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚያስቀምጥ ቀመር) ኮምፒውተሩ የሚፈታው በዚህ መረብ ላይ ነው።

መጀመሪያ የዳርቻውን መስመር ከሳተላይት ምስል እንዳለ ወሰድሁት። ጥፋቴ ይህ ነበር። ዘጌ ላይ ነጥቦቹ በጥቂት ሜትር ርቀት ስለተደረደሩ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሦስት ማዕዘኖች ተፈለፈሉ። አንዱ ማዕዘን ወደ 180 ዲግሪ ሲጠጋ የፍሰቱ ቁልቁለት (ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥበት መጠን) ስሌት ይዛባል፤ በጣም ያነሰ ማዕዘን ደግሞ ማትሪክሱን፣ ማለትም ከመረቡ የሚወጣውን የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ለመፍታት አስቸጋሪ ያደርገዋል። በዚያ ላይ በእኔ ዘዴ የጊዜውን እርምጃ፣ ማለትም ስሌቱ በአንድ ጊዜ ስንት ሰከንድ ወደፊት እንደሚራመድ፣ የሚወስነው ትንሿ ሦስት ማዕዘን ናት፤ አንዲት ቅንጣት ሐይቁን ሁሉ ታዘገየዋለች!

የሒሳብ ሊቁ ቦሪስ ዴሎኔ እ.ኤ.አ. በ1934 ያስቀመጠው መመሪያ ደስ ይለኛል፦ በሦስቱ ጫፎች የሚያልፈው ክብ ውስጥ ሌላ ነጥብ አይግባ። ነጥቦቹ ሳይለወጡ ትንሹን ማዕዘን ከሁሉም አከፋፈል የሚያተልቀው ይህ ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። መጥፎዋን ሦስት ማዕዘን ፈልጎ የክቧ መሃል ላይ አዲስ ነጥብ መትከል ያስፈልጋል፤ የጂም ሩፐርት ስልት ይህን ሲያደርግ፣ የድንበሩ መስመሮች በሹል ማዕዘን እስካልተገናኙ ድረስ፣ ማንኛውም ማዕዘን ከ20 ዲግሪ ገደማ እንዳያንስ ዋስትና ይሰጣል።

ስለዚህ ዳርቻውን ቀድሜ አለሰለስሁ። ዓባይ የሚወጣበት አፍ ላይ መረቡን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች አጠበብሁ፣ የሐይቁን መሃል በትላልቅ አሰፋሁ። ደቅ ደሴትን ግን ቀዳዳ አድርጌ ተውኋት፤ እሷ ላይ ውሃ የለማ። ትናንት ማታ ስሌቱ ሳይሰበር አደረ።