የጋሼ በርኖስ

«ይሄ የኔ በርኖስ አይደለም» አሉኝ ጋሼ፣ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን እያዞሩ። «የኔው ትከሻው ላይ የተጣፈ ነው። ይሄ ደህና በርኖስ ነው።»

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚኖሩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ያነሳኋቸው አምና ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ በረቱ በር ላይ ቆመው ነበር። የመንዝን በርኖስ ከሩቅ ያየ ሰው አንድ ወጥ ጥቁር ይመስለዋል። ቀረብ ሲሉት ሌላ ነው። የበጉ ጸጉር ቆሞ ይታያል፣ ፀሐይ የበላው ቦታ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥቁር አለ። የተጣፈበት ቦታ ላፕቶፔ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ከሰል ነው።

ያቺን የመጀመሪያዋን ያሳተምኳት አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ልጁ «ብላክ ኤንድ ኋይት ነው አይደል? ቀላል ነው» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ባለው መብራት ደህና ትመስል ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ደብረ ብርሃን ቤቴ ገብቼ መስኮት አጠገብ ሳያት የጋሼ ሽበት አረንጓዴ ሆኗል። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ ጥቁር ብቻ ያለው ፕሪንተር ግራጫውን የሚሠራው ሰማያዊውን፣ ቀዩንና ቢጫውን ቀላቅሎ ነው። ድብልቁ በአንዱ መብራት ልክ ይመጣል፣ በሌላው ያዘነብላል።

ስለዚህ ኤፕሰን ሹርከለር ፒ 600 የሚባል ያገለገለ ፕሪንተር ገዛሁ። ሚስቴ ዋጋውን እስካሁን በትክክል አታውቅም። ዘጠኝ የቀለም ካርትሬጅ አለው። ከነዚህ ውስጥ ለአንድ ፎቶ ሦስት ዓይነት ጥቁር አንድ ላይ ይሠራሉ፤ ዋናው ጥቁር፣ ላይት ብላክ እና ላይት ላይት ብላክ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት። ግራጫው ከነዚህ ሲቀዳ ሽበት ሽበት ሆኖ ይወጣል።

ዋናው ጥቁር ራሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ለሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ለግሎሲ፣ ፎቶ ብላክ፤ ለማያብረቀርቅ፣ ለማት ወረቀት፣ ማት ብላክ። በዚህ ማሽን ሁለቱ በአንድ መስመር ነው የሚሄዱት፤ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ሲዞር ቀለም ያፈሳል። እኔ ማት ላይ ቀረሁ። ወረቀቴ ሃነሙሌ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ የሚሠራው ፎቶ ራግ ነው። ፋብሪካው ከ1584 ጀምሮ ወረቀት ይሠራል። ወረቀቱ መቶ በመቶ ጥጥ፣ በካሬ ሜትር 308 ግራም፤ ሲይዙት ጋቢ ጋቢ ይላል። ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣልኝ፣ ስለዚህ በፍሬ እቆጥረዋለሁ። የመጀመሪያዋን ፍሬ አቃጠልኳት። ፕሪንተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ግሎሲ ላይ ትቼው ፎቶ ብላክ ጥጡ ላይ ወጣ፤ አመድ የተነሰነሰበት በርኖስ።

ሁለተኛዋ ጨለመች። ጥፋቱ የፕሪንተሩ አልነበረም፣ የእኔ ስክሪን ነው። ሞኒተሬን እንደ ስልክ አብርቼ ነበር ፎቶውን ያስተካከልኩት። አሁን መለኪያ ባይኖረኝም ነጭ ወረቀት መስኮቱ ጋ አቆምና የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ነጭ ጋር እስኪመሳሰል ብራይትነሱን አወርዳለሁ። ያን ቀን ከግማሽ በታች ወረደ።

ከዚያ ቀለል ያለ ፈተና ሠራሁ። አሥራ አምስት ትንንሽ ሳጥኖች፣ ከ0 እስከ 28፣ ሁለት ሁለት እየጨመሩ። 0 ድፍን ጥቁር ነው፣ 255 ነጭ። አተምኩት፤ አደረቅኩት፤ በር ላይ ወጥቼ አየሁት። ከ14 በታች ያሉት ሳጥኖች ሁሉ አንድ ሆነዋል፣ ዓይኔን ባጠብብም አይለዩም። የጋሼ መጣፊያ ፎቶው ላይ ስንት እንደሆነ ለካሁ። 9። ዙሪያው 6። ለካ ወረቀቱ የማያውቀውን ጥቁር ነበር ንገርልኝ የምለው!

ማት ወረቀት ጥቁሩ እንደ ግሎሲ አይጠልቅም። በዴንሲቲ፣ ማለትም በጥቁረት መለኪያ፣ ግሎሲው ከ2 ሲያልፍ ማቱ 1.6 እና 1.7 ገደማ ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ጥቁሩን ይጨምራል፣ ቀለም ላይ ቀለም። የባሰ ይደፈናል እንጂ አይጠቁርም። ጥቁርን ጥቁር የሚያስመስለው አጠገቡ ያለው ነው። የበርኖሱን ጠርዝና የአንገቱን ጥላ እንዳለ ተውኩት። ትከሻውን ብቻ በከርቭ፣ ፎቶ ማስተካከያው ላይ ብርሃን በሚጨምረውና በሚቀንሰው መስመር፣ አነሳሁት፣ መጣፊያው 24 አካባቢ እስኪደርስ። ፕሪንተሩ ላይም አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ኋይት በሚለው ውስጥ ቶኑ ዳርከር፣ ጠቆር ያለው ላይ፣ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ደረጃ አቀለልኩት።

ሦስተኛዋ ጥሩ ነበረች፣ ግን መሃሏ ላይ ነጭ ነጥብ። ጥጡ ብናኝ አለው። ብናኙ ላይ ቀለም ያርፍና በኋላ ብናኙ ሲረግፍ ነጩ ይቀራል። በርኖስ ላይ ደግሞ ቅማል ነው የሚመስለው። ጋሼ ቢያዩት ያልቅልኛል። አሁን ወረቀቱን ዘቅዝቄ በለስላሳ ብሩሽ ሳልጠርግ አላስገባም።

አራተኛዋን መብራት በላት። እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። የሚያናድደው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ቀለም የሚረጨው የፕሪንተሩ ራስ ክዳኑ ውስጥ ሳይገባ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ አየር ደግሞ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ለቀለምም አይራራም። ኖዝል ቼክ፣ የቀለም ቀዳዳዎቹን መፈተሻ ገጽ፣ ሳወጣ ላይት ብላኩ ተቆራርጧል። ሁለት ጊዜ አጸዳሁት፣ አሳደርኩት፣ ጠዋት ተስተካከለ።

አምስተኛዋን ለአንድ ቀን ተኩል ጠረጴዛ ላይ አደረቅኳትና በጥምቀት ሰሞን ይዣት ሄድኩ።

ጋሼ ምሳ ላይ ነበሩ። ሰሃኑን ትተው በሩ ላይ ወጡ። ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት። ብዙ ዝም አሉ።

«ይኸውልህ!» አሉና ጣታቸውን ወደ ትከሻው ሰደዱ።

ጣታቸው ላይ ወጥ አለ። ማት ጥቁር ደግሞ ጥፍር እንኳ ቢያልፍበት ምልክት ይይዛል። እጃቸውን አየር ላይ ያዝኩት።

«ምነው?»

«ጋሼ፣ አይነካም።»

«የገዛ በርኖሴን!»