ሐረጎን በሳይክል

ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ወደ ደሴ የሚያስወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ስንት ጊዜ እንደወጣው አይቆጥርም። እኔም ቆጥሬ አላውቅም። ሁሌም ግን በሚኒባስ ነበር። ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ግማሹን መንገድ እንቅልፍ ይዞኝ። ባለፈው እሁድ በሳይክል ወጣሁት።

ከቤት የወጣሁት ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኮምቦልቻ ባሕር የላትም፤ ጠባይዋ ግን የወደብ ከተማ ነው። ደረቅ ወደብ አላት። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ተሳቢ እዚህ ይደርሳል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም መኪና ይፈልጋል። ረፈድ ካለ ዳገቱ ጥሩምባና ጭስ ብቻ ነው። እሁድ ሲነጋጋ ግን ከተማዋ ገና አልነቃችም፤ አስፋልቱ ባዶ ነው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። በመሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታው ደግሞ በእኩል አልተከፋፈለም። ዋናው ሸክም ሐረጎ ላይ ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ይህን መንገድ ሲሠራ ተራራውን ፊት ለፊት አልገጠመውም። እየጠመዘዘ፣ እያባበለ ነው የወሰደው። በመኪና ስትሄድ ኩርባው ያወዛውዝሃል እንጂ ሌላ ነገር አይነግርህም። በሳይክል ግን እያንዳንዱ ኩርባ የራሱ ጠባይ አለው። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ውስጠኛ ጠርዙ ላይ ድንገት ቀጥ ይላል፤ እግርህ ይከብዳል። ወደ ግራ የሚታጠፈው በውጭ በኩል ስለሚያዞርህ ትንሽ ያሳርፍሃል። ከሦስት አራት ኩርባ በኋላ ትንፋሼን በዚሁ ልክ ማካፈል ለመድኩ።

ብርዱም እንደዚያው ነው። ከታች እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የጀመርኩት። መሐል ላይ ጀርባዬ በላብ ርሶ ጣቶቼ ግን ፍሬን መያዝ አቃታቸው። የባሕር ዛፍ ሽታ ከጉም ጋር ሲመጣ ደጋ መግባቴን አወቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ይህን ሽታ አንድም ቀን አሽትቼው አላውቅም።

አንድ ኩርባ ላይ እግሬን ሳላላላ፣ በሙሉ ጉልበቴ እየገፋሁ ማርሽ ቀየርኩ። ካቴናው ወለቀ። ዳገት ላይ እንዲህ አይቀየርም፤ መጀመሪያ ፔዳሉን ለቀቅ ማድረግ ነው። ወርጄ ስታገል አንድ አባት እንጨት የጫነች አህያቸውን እየነዱ ወደ ታች መጡ።

«እንደምን አደሩ አባቴ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ ልጄ፣ ምን ሆነብህ?»

ካቴናውን አሳየኋቸው። ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ኮርቻውን ይዘው የኋላውን ጎማ ከመሬት አነሱልኝ። «አብሽር፣ ይገባል» አሉ። እኔ ካቴናውን ጥርሱ ላይ አስይዤ ፔዳሉን በእጄ አዞርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ገባ። እጄ በግራሶ ጠቁሮ ሲያዩ ከባሕር ዛፍ እፍኝ ቅጠል ሸምጥጠው ሰጡኝ። በእሱ ጠረግሁት።

«ምን ጉዳይ አለህ ከላይ?» አሉኝ።

«ጉዳይ የለኝም አባቴ። መንገዱን ላየው ብዬ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኛ በዚያ ጊዜ ልጅ አዝለን ነው የወረድንበት» አሉ። የትኛውን ጊዜ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስንት ሰው በዚህ አስፋልት ወደ ኮምቦልቻ እንደወረደ እዚህ የማያውቅ የለም። ያኔ ማንም ቆሞ ግራ ቀኝ አላየም።

«እንግዲያስ ደህና አድርገህ እየው» ብለው አህያቸውን ነዱ።

ከዚያ በኋላ መቸኮሉን ተውኩት። ኩርባ በደረስኩ ቁጥር ቆሜ ወደ ኋላ ዞር እላለሁ። ጉሙ ሲገለጥ የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች ተዘርግቷል። የአውሮፕላን ማረፊያው፣ የፋብሪካዎቹ ቆርቆሮ፣ ቦርከና የሚሄድበት አረንጓዴ መስመር። አንድ ኩርባ ስወጣ ቆርቆሮው ይደበዝዛል፣ ቦርከና ይቀጥናል። ሳቢሳ በፌስታል ይዤ ነበር፤ አናቱ ላይ ቁጭ ብዬ በላሁት። ቀዝቅዞም ጣፍጦኛል።

ደሴ ቅርብ ነበረች፤ ግን ያን ቀን እሷን አልፈለግሁም። ቁልቁል ተመለስኩ። ፍሬኑን ይዤ አልቆየሁም፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ነው። እንዲያም ሆኖ መሐል ላይ ቆሜ የጎማውን ብረት ብነካው ፈጀኝ። እስኪበርድ ጠበቅሁ። ከተማው መግቢያ ስደርስ የመጀመሪያው ተሳቢ ሞተሩን እያጓራ ሽቅብ ሲጀምር ተላለፍን።