የአክሱምን ክርስትና በአጭር ፊልም ማስተማር

ፊልም ክፍል ውስጥ የሚጠቅመው ማቆም ሲቻል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ያውቃል። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ማንንም አይጠብቅም ነበር፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ያልፋል፣ መምህሩም ዳር ቆሞ ያያል። ዛሬ ላፕቶፕና ፍላሽ ያለው መምህር ፊልሙን ማቆም፣ መመለስ፣ ድምፁን ማጥፋት ይችላል። ስለ ክርስትና ታሪክ የተሠራ አጭር ፊልም ሲሆን ደግሞ ይህን ማድረግ ግዴታው ነው፤ በእንዲህ ያሉ ፊልሞች ውስጥ ማስረጃውና ምናቡ ተደባልቀው ስለሚመጡ ተማሪው ብቻውን ሊለያቸው አይችልም።

የአክሱም መንግሥት ክርስትናን የተቀበለበትን ትምህርት እንውሰድ። ፊልም ሠሪው ዕድለኛ ነው፣ የሚያሳየው ነገር ሞልቶለታል። ክርስትናን የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ የኢዛና የወርቅ ሳንቲም አለ። የድንጋይ ጽሑፎቹ አሉ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ 2ኛ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአክሱም ገዢዎች የላከው፣ የአክሱም የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ተመልሶ እንዲመጣለት የሚጠይቀው ደብዳቤም በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ደግሞ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፍሬምናጦስንና የወንድሙን የኤዴስዮስን ታሪክ ጽፏል፤ የሰማሁትም ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ ነው ይላል። ከዚህ ውጭ የሚታየው ሁሉ፣ ንጉሡ ሲጠመቅ፣ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ፍሬምናጦስ ልዑሉን አጠገቡ አስቀምጦ ሲያስተምር፣ ተዋናዮች የሠሩት ትዕይንት ነው። ትዕይንቱን እንደ ነውር ማየት አይገባም፤ ተማሪው ትዕይንት መሆኑን ካላወቀ ግን ትምህርቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ ከፊልሙ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ የሚሆነውን ብቻ መርጦ ሁለት ጊዜ ማሳየት ይሻላል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከዚያ በላይ አይሸከምም። 20 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ከተከፈተ የውይይቱ ሰዓት ያልቃል፣ ደወሉ ሲደወል ተማሪው የሚወጣው ሙዚቃውን ብቻ ይዞ ነው። የመጀመሪያው ዙር ያለ ድምፅ ይሁን። ተማሪዎች ደብተራቸውን ለሁለት ከፍለው በአንዱ በኩል ዛሬም በእጅ የሚዳሰስ ወይም የሚነበብ ነገር፣ በሌላው በኩል በተዋናይ ወይም በኮምፒውተር የተሠራ ነገር ይጽፋሉ። ድምፅ ሲጠፋ ዐይን ይሠራል፤ ተራኪው «እነሆ» ሲል አብሮ የሚያምን ተማሪ፣ ዝም ባለ ምስል ላይ ግን መጠየቅ ይጀምራል።

በሁለተኛው ዙር ድምፁ ይከፈትና ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ይቁም። ከሦስቱ አንዱ ሳንቲሙ ይሁን፣ ጊዜም ይሰጠው። ክብደቱ ሁለት ግራም እንኳ የማይሞላ ትንሽ ወርቅ ነው። በቀደመው፣ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በተሠራው ላይ ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል በጎን ይታያል፣ ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ አለ። በኋለኛው ላይ ጨረቃው ጠፍቶ መስቀል ገብቷል። ጽሑፉ በግሪክኛ ነው። ፊልሞች ይህን ሳንቲም በሁለት ሰከንድ ነው የሚያሳልፉት፣ ከትምህርቱ ሁሉ ግን ጠንካራው ማስረጃ እሱ ነው። በቪኤልሲ ማጫወቻ የኢ ፊደልን መጫን ምስሉን አንድ በአንድ ያስኬዳል፤ ሳንቲሙ ጥርት ብሎ የሚታይበትን ቅጽበት ቀድሞ ፈልጎ ደቂቃውንና ሰከንዱን በወረቀት መያዝ ተማሪ ፊት ከመደናበር ያድናል።

ሌላው ማቆሚያ ድንጋዩ ነው። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ያስጻፈው በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክኛ ቆሟል፤ አባቱ ማሕረም የተባለው አምላክ እንደሆነ ይናገራል፣ በግሪክኛው ላይ ስሙ አሬስ፣ ማለትም የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። በኋላ ያስጻፈው የግዕዝ ጽሑፍ «እግዚአ ሰማይ» ሲል፣ ከተቀበለ በኋላ በግሪክኛ የተጻፈው ደግሞ አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን በስም ይጠራል። ለምን ይሆን የአገሩ ሰው በሚያነበው ላይ ጠቅለል ያለ፣ የውጭ ሰው በሚያነበው ላይ ግልጽ የሆነ ቃል የተመረጠው? ይህ ጥያቄ አሥር ደቂቃ ያህል ክርክር ያስነሣል፣ ማስነሣትም አለበት።

ከታሪኩ ጋር የማይሄድ ምስል በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ተራኪው ስለ 4ኛው ክፍለ ዘመን እያወራ ካሜራው ላሊበላን፣ በተለይ ቤተ ጊዮርጊስን ያሳያል፤ በመካከላቸው ስምንት መቶ ዓመት ያህል አለ። የጎንደር ዘመን ሥዕልም እንዲሁ የኢዛና ዘመን መስሎ ይገባል። መምህሩ እዚህ ላይ አቁሞ «ይህ ሕንፃ በዚያን ጊዜ ነበረ?» ብሎ ቢጠይቅ የፊልሙ ድክመት ራሱ የዘመን ቅደም ተከተል ማስተማሪያ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱም ያምታታል። ፊልሙ 330 ሲል የእኛ ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮ 322 ይጽፋል፣ ጓደኛው 330 ይጽፋል፣ ሁለቱም ልክ ነን ይላሉ። ሰሌዳው ጥግ ላይ ከመጀመሪያው «በዚህ ክፍለ ጊዜ ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ክርስትናን የተቀበሉት አብርሃና አጽብሃ አይደሉም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ በችኮላ መታለፍ የለበትም። የአገራችን ትውፊት ሁለት ወንድማማች ነገሥታትን ያነሣል፤ የቆንስጣንዮስ ደብዳቤም የተጻፈው ለሁለት ሰዎች፣ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳዛና ነው። ሁለቱን ጥንድ ስሞች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን አስፍሮ ምንጫቸውን ከሥራቸው መጻፍ ከማንኛውም ረጅም ማብራሪያ ይሻላል። ክፍሉ ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ ስለዚህ «እናምናለን» የሚል ትረካ ያለበትን ክፍል መዝለል፣ ተማሪንም ስለ ራሱ እምነት አለመጠየቅ ተገቢ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በአክሱም ንጉሥ ዘንድ የተጠለሉበት ትምህርት ሲደርስም እኩል ጊዜ፣ እኩል ማቆሚያ፣ ያው በሁለት የተከፈለ ደብተር ሊሰጠው ይገባል። ተማሪዎች ይህን ሚዛን ወዲያው ያስተውላሉ።

ስለ ዕቃው ጥቂት። ቴሌቪዥን ላይ በፍላሽ የሚጫወት ከሆነ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ይፎርማት፤ ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ሌላውን አያነቡም። ፋይሉ ኤምፒ4፣ በኤች.264 የቪዲዮ መጭመቂያ የተሠራ፣ የምስሉ ጥራት 720ፒ ቢሆን ይበቃል። ኤች.265 ከሆነ በቆየ ቴሌቪዥን ላይ ድምፁ ብቻ ሊሰማ ይችላል። በአማርኛ የተሠራ የግርጌ ጽሑፍ ለብቻው ፋይል ሆኖ ሲጫን ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥኖች ሊቀየር ይችላል፤ ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ምስሉ ላይ አትሞ ማስቀረት መፍትሔው ነው። የላፕቶፕ ድምፅ ለ50 ተማሪ አይደርስም፤ ባትሪ ያለው ስፒከር ከፊት ሳይሆን ከክፍሉ መሐል ይቀመጥ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የሁለቱ ሳንቲሞች፣ የድንጋዩና የአንድ ትዕይንት ምስል በአንድ ገጽ ታትሞ ለአራት ተማሪ አንድ ቅጂ ይዘጋጅ። በዚያ ወረቀት ብቻ ክፍለ ጊዜውን መጨረስ ይቻላል።

ፈተና ላይ «ኢዛና ክርስትናን መቼ ተቀበለ?» የሚለውን ትተን የአንድ ትዕይንት ምስል አውጥተን «በዚህ ምስል ውስጥ በማስረጃ የሚደገፈው የትኛው ነው? ማስረጃውስ ምንድን ነው?» ብንል ይሻላል። ከአምስት ነጥብ ሁለቱ ለመለየት፣ ሦስቱ ማስረጃውን በስም ለመጥራት ይሰጥ።