የድሬዳዋን ለውጥ ለትንንሽ ልጆች በአሸዋ ማስተማር

የ6 እና የ7 ዓመት ልጆችን ከተማ እንዴት እንደሚለወጥ ሳስተምር ከዓመተ ምህረት አልጀምርም። «1895» ለእነሱ ቁጥር ብቻ ነው። 1 ሜትር ተኩል ሲባጎ ዘርግቼ ለእያንዳንዱ ዓመት 1 ሴንቲ ሜትር እሰጣለሁ። ጫፉ ዛሬ ነው፤ 6 ሴንቲ ላይ ልጁ የተወለደበት ቋጠሮ፣ 30 አካባቢ የእናቱ፣ 65 አካባቢ የአያቱ ይታሰራል። የድሬዳዋ ልደት ከ120 አለፍ ይላል። ያኔ «ከአያቴም በፊት!» ይላሉ።

ቀጥሎ ሰፊ ትሪ ላይ ሦስት ጣት ያህል አሸዋ ይደረጋል። አሸዋው ሲጨብጡት የሚያያዝ ይሁን፤ ከደረቀ የወንዙ ቦይ ይናዳል፣ ውሃ ከበዛበት ቤቶቹ ይሰምጣሉ። በአንድ ወገን ከፍ አድርጎ መቆለል ነው፤ ያ ሐረር ነው። ጠጠር የሞላበት የክብሪት ቀፎ በክር እያሰሩ ዳገቱን ያስጎትቷቸው። ይገለበጣል። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡርም ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱና ወጪው ስለከበደ ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ከተማዋ እዚያ ተቆረቆረች። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ምክንያቱን የያዘ ልጅ ቀጣዩን ለውጥ ራሱ ይገምታል።

የከዚራን ሰፈር መንገዶች በማስመሪያ ቀጥ አድርገው፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላን ሰፈር በጣት ጠመዝመዝ አድርገው ያሰምሯቸው። ደቻቱን ሰማያዊ አትቀቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ከሐረር በኩል አንድ ኩባያ ውሃ ሲለቀቅ ዳር ያሉት ቤት የሆኑ የክብሪት ቀፎዎች ይርሳሉ፤ ለምን ከወንዝ ዳር ራቅ ተብሎ እንደሚሠራ የሚገባቸው ያኔ ነው። የሐምሌ 1998 ጎርፍ የጎዳው ቤተሰብ ካለ ግን ውሃውን ከማፍሰስ በፊት ወላጅን ማናገር ግድ ነው።

በ2009 የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ይቀመጣል። ልጆች ወዲያው አሮጌውን ጣቢያ ሊያነሱት ይሻማሉ፤ አዲስ ከመጣ አሮጌው የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ይቆይ። ሰው የሚሆኑ አዝራሮች አስቀድመው ዙሪያውን ይደርደሩ፦ ሻይ የምታፈላዋ፣ ኩሊው፣ ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው። «አሁን እነዚህ ወዴት ይሂዱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእኔ ከትምህርቱ ሁሉ ትልቁ ይህ ጥያቄ ነው፤ ለውጥ ከሕንፃ ይልቅ ሰው ላይ እንደሚያርፍ ልጆቹ በእጃቸው ያዩታል።

የቤት ሥራው አያትን መጠየቅ ነው። «ድሮ እንዴት ነበር?» ከተባለ መልሱ «ጥሩ ነበር» ሆኖ ያልቃል። «ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? ትምህርት ቤት በምን ይሄዱ ነበር? እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበር?» ይበሉ። መልሱን በቃላቸው ይዘው ይምጡ፤ ጻፉ ከተባሉ የምትጽፈው እናት ናት።