ቀኝ የማን ቀኝ? አናቶሚን እንዴት እንዳጠናሁና አንድ ያናደደኝ ፈተና

ጤና ነክ ትምህርት ልትጀምሩ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። እኔ ሜዲስን ስገባ ሲኒየሮች «አናቶሚ ሽምደዳ ነው፣ አትጨነቂ፣ ታልፊዋለሽ» ብለው ሸኙኝ። ሽምደዳው ያለው ስሞቹ ላይ ነው። ከስሞቹ በፊት የሚመጣውን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ሁሉም ነገር የሚነሳው ከአንድ አቋቋም ነው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱ ወደ ፊት ያያል፣ እጆቹ በጎኑ ወርደዋል፣ መዳፎቹ ወደ ፊት ዞረዋል። አስከሬኑ ተንጋሎ ይተኛ፣ በሆዱ ይደፋ፣ ታካሚው ኩርምት ብሎ ይቀመጥ፣ እኛ የምንናገረው እንደቆመ ቆጥረን ነው። ቀኝና ግራም የእሱ እንጂ የእኛ አይደለም።

መዳፉ ለምን ወደ ፊት እንደሚዞር ክፍል ውስጥ አልተነገረንም። አሁኑኑ እጃችሁ ላይ ሞክሩት። መዳፍ ወደ ፊት ሲሆን ከክርን በታች ያሉት ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ በአውራ ጣት በኩል ሬዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል አልና። መዳፋችሁን ወደ ኋላ አዙሩት። ሬዲየሱ አልናውን አቋርጦ ይሻገራል። አቋቋሙ ባይወሰን ኖሮ የትኛው የውስጥ፣ የትኛው የውጭ እንደሆነ በየቀኑ ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር።

አቅጣጫዎቹን በሠንጠረዥ አትሸምድዱ። መምህሮቻችን «ትርጉሙን ቃል በቃል ያዙ» ይሉ ነበር፤ እኔ አልስማማም። እስክሪብቶ ያዙና የራሳችሁ ገላ ላይ ጻፉ። አፍንጫ ከጆሮ ሚዲያል ነው፣ ወደ መሃል መስመሩ ይቀርባልና። ጆሮ ላተራል ነው። ክርን ከእጅ አንጓ ፕሮክሲማል ነው፣ ወደ ትከሻው ይቀርባል። ደረት ከእምብርት ሱፒሪየር (ከላይ)፣ አከርካሪ ከልብ ፖስቲሪየር (ከኋላ) ነው። የዶርም ልጆች ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከህዋስ ወደ ቲሹ (አንድ ሥራ ያላቸው ህዋሶች ስብስብ)፣ ከቲሹ ወደ ኦርጋን፣ ከዚያ ወደ ሥርዓት የሚወጣው መሰላል ቀላል ነው። ቲሹ አራት ዓይነት ነው፣ ሥርዓቶቹ በተለመደው አቆጣጠር 11 ናቸው። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። 206ቱን አጥንት በመጀመሪያው ሳምንት ለመያዝ የሚሞክር ግን ራሱን እየቀጣ ነው።

አንድ ነገር ላይ ከኦፊሴላዊው ምክር በግልጽ እለያለሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ስያሜ ዝርዝር በሰው ስም የተጠሩትን አስወጥቷቸዋል፤ እኛም እንዳንጠቀምባቸው ተነግሮናል። ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ስትገቡ የተረከዙን ጅማት «ካልኬኒያል ቴንደን» የሚል ሐኪም ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ሁሉም አኪለስ ነው የሚለው። ሁለቱንም ያዙ።

አሁን ወደዚያ ያናደደኝ ፈተና፣ ወደ ስፖት ኤግዛሙ። ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፣ በየጠረጴዛው ላይ አጥንት ወይም ክር የታሰረበት ነርቭ ወይም የራጅ ወይም የሲቲ ፊልም አለ። ደወል ሲጮህ ወደ ቀጣዩ ትሄዳላችሁ። አንድ ደቂቃ ነው ያላችሁ፣ ያውም አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ፎርማሊን ዓይናችሁን እያስለቀሰ። እስከ መጨረሻዎቹ ጠረጴዛዎች ድረስ ተመችቶኝ ነበር።

አንዱ ጋ የሆድ ሲቲ ስካን (ገላን በአግድም እንደተቆረጠ አድርጎ የሚያሳይ ምስል) ፊልም መብራት ላይ ተሰቅሏል። በቀይ ፕላስተር የተሠራ ቀስት አንድ ኩላሊት ላይ ተለጥፏል። «ምንድን ነው? የየትኛው ጎን?» ይላል። የሲቲ ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ምስሉ የሚታየው ታካሚው ተንጋሎ ተኝቶ፣ እኛ ከእግሩ በኩል ሆነን ነው። ስለዚህ በእኛ ግራ ያለው የሱ ቀኝ ነው፣ ጉበቱም በእኛ ግራ መታየት አለበት። እዚህ ፊልም ላይ ግን ያ ትልቁ ጉበት በእኔ ቀኝ ተንሰራፍቷል። ቀስቱ ያለው ኩላሊት እሱ ሥር ነው። ጉበት ሥር ያለው ኩላሊት ደግሞ የቀኙ ነው። ፊልሙን የሰቀለው ሰው ገልብጦታል ማለት ነው። «የቀኝ ኩላሊት» ብዬ ጻፍኩ። ደወሉ ጮኸ።

ውጤት ሲለጠፍ ስህተት ተብሏል። መልሱ «ግራ» ነው።

መምህሩ ጋ ሄድኩ። «በሲቲ በአንቺ ቀኝ ያለው የታካሚው ግራ ነው፤ ይህን ተምረሻል» አሉኝ።

«አዎ ዶክተር፣ ጉበቱስ?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ሲተስ ኢንቨርሰስ ሊሆን ይችላል» አሉኝ። የውስጥ አካላቱ ግራ ቀኛቸው የተገላበጠ ሰው ማለታቸው ነው። አለ፣ እውነት ነው፤ ግን ከ10 ሺህ ሰው ባንዱ ገደማ የሚታይ ነገር ነው። የራሳቸውን ፊልም አሰቃቀል ከመጠራጠር ያን አንድ ሰው ፈጥረው አመጡልኝ!

ፊልሙን አምጥተን እንየው አልኩ። ስቶር ገብቷል ተባለ። የስቶሩ ቁልፍ ያለው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ «ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ» አለችኝ። አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ።» ነገም ስብሰባ ነው። ከነገ ወዲያም። ጓደኞቼ «ለአንድ ማርክ ብለሽ ጥርስ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ተይው» አሉኝ። ማርኩ አልነበረም ያናደደኝ። ሰው ቀኝና ግራን የሚያስተምር፣ ቀኝና ግራውን አይቶ አይለጥፍም?

በመጨረሻ ፊልሙ ወጣ። መምህሩ ራሳቸው እንደ ፈተናው ቀን አድርገው ሰቀሉት። የታካሚው ስም በፕላስተር ተሸፍኗል፣ ጥግ ላይ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ግን አልተሸፈኑም። ጠጋ ብዬ በጣቴ አሳየኋቸው። 3ቱ ወደ ኋላ ዞሯል። 7ቱም እንደዚያው፣ በመስታወት እንደሚታይ። ፊልሙ የተሰቀለው በጀርባው ነበር። ሲተስ ኢንቨርሰስ ቁጥር አያዞርም።

ውሳኔው ምን ሆነ? ጥያቄው ለሁሉም ተሰረዘ። ጉበቱን አይቶ «ቀኝ» ያለም፣ ዝም ብሎ የገመተም እኩል ሆነ። «ተሳስተናል» ያለ አንድ ሰው የለም። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፊልም ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ፤ ቀጥ ብሎ ከተነበበ ፊልሙ አልተገለበጠም። ጽሑፍ ከሌለ ጉበትን ፈልጉ፤ ሆድ ውስጥ ከሱ የሚተልቅ የለም፣ ቦታውም ቀኝ ነው። የደረት ራጅ ከሆነ የልቡ ጫፍ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ በግራ በኩል ደረትና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራሙ፣ ሥር ደግሞ የጨጓራ አየር ጥቁር ሆኖ ይታያል። ኩላሊቶቹም እኩል አይደሉም፤ የቀኙ ጉበት ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል።

ቅሬታ ካላችሁ ደግሞ «በቃል ተነጋገሩ፣ ይፈታል» የሚለውን ምክር አትስሙ። በጽሑፍ አድርጉት፣ ሁለት ኮፒ። አንዱ ላይ የገቢ ማህተም ሳታስመቱ ከቢሮው አትውጡ። የእኔ የመጀመሪያው ማመልከቻ «አልደረሰንም» ተብሏል፣ የተቀበለችኝ ጸሐፊ እዚያው ተቀምጣ።