ወደ ራቭካ ተመልሻለሁ፤ ዞያን ግን ገና አሁን ነው ያወቅኋት

ስፒን ኦፍ ላይ፣ ማለትም ካንድ ታዋቂ ታሪክ ገጸ ባሕርያትን ወስዶ በሚወጣ ሌላ መጽሐፍ ላይ፣ ሁሌም ጥርጣሬ አለኝ። አንባቢ የወደደውን ገጸ ባሕርይ ደግመህ ካወጣህለት ጽሑፉ ቢደክምም ይገዛሃል። ልጅ ሆነን በተረት የምናውቃት ጦጣ መቼም ብትመለስ ያችው ብልጣብልጥ ጦጣ ናት፣ ጅቡም ያው ሆዳም ነው፤ ብዙ ስፒን ኦፍም እንደዚያ ነው፣ የድሮውን ቀልድ በአዲስ ሽፋን።

አሁን የያዝኩት ግን ሐሳቤን እያስቀየረኝ ነው። የሊ ባርዱጎን የግሪሻ ዓለም፣ ግሪሻ የሚባሉ እንደ ነፋስ ያለውን ነገር የሚያዙ ሰዎች ያሉበትን የፋንታሲ መጻሕፍት፣ ማንበብ የጀመርኩት እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነበር፣ ከዚያ ሱስ ሆነ። ለማታውቁት ባጭሩ፦ የብርሃን ኃይል ያላት የአሊና ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 በሦስት መጽሐፍ ወጣ። በ2015 እና በ2016 ኬተርዳም የምትባል ከተማ ሌቦች ተከተሉ። በ2019 እና በ2021 ደግሞ ወደ አሊና አገር ወደ ራቭካ የሚመልሱን ሁለት መጻሕፍት፣ የንጉሥ ኒኮላይና የዞያ። የመጀመሪያው ኪንግ ኦፍ ስካርስ ይባላል፤ እሱን ጨርሻለሁ።

ዞያን ታስታውሷታላችሁ። ቆንጆ፣ ኩሩ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ። ልምምድ ላይ አሊናን በነፋስ አሽቀንጥራ የጎድን አጥንቷን የሰበረችው እሷ ናት። ያኔ ዓይኗን ማየት አልፈልግም ነበር። ሌላ ምርጫም የለህም፣ ምክንያቱም ሦስቱም መጻሕፍት አሊና ራሷ «እኔ» እያለች የምትተርካቸው ናቸው፤ እሷ የጠላችውን ትጠላለህ፣ እሷ ያላየችውን አታይም። አዲሶቹ ግን ምዕራፍ በምዕራፍ ከኒኮላይ ወደ ዞያ፣ ከዞያ ወደ ኒና (ከኬተርዳሞቹ ሌቦች አንዷ ናት) ይዘዋወራሉ። እናም ድንገት ያቺ ምላሰኛ ልጅ ውስጥ ትገባለህ።

ለካ በዘጠኝ ዓመቷ ለሽማግሌ ልትዳር ነበር። ሰውዬው ሀብታም ነው፣ የሰጠቻትም የገዛ እናቷ ናት። ተዉ ብላ የተነሳችው አክስቷ ሊሊያና ብቻ ነበረች። የነፋስ ኃይሏ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውም እዚያው ሰርጉ ላይ ነው። ወሎ ያደገ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ የሚያነበው ፋንታሲ መሆኑን ይረሳል። ጥር ላይ ከክፍል ጠፍተው በዚያው የቀሩ ልጆችን የማያውቅ ማን አለ?

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ያቺ አክስት አሁን የተፈጠረች አለመሆኗ ነው። በድሮው ተከታታይ ውስጥ ዞያ ለአሊና አክስቴ ኖቮክሪቢርስክ ነበረች የምትልበት ቦታ አለ፤ የአሊና ባላንጣ ዳርክሊንግ ከነሰዎቿ በጨለማ ያስዋጣት ከተማ ማለት ነው። አጭር ናት፣ በችኮላ የሚያነብ ሰው ያልፋታል። ተመልሼ አነበብኳት። ያኔ ቁጣ የመሰለኝ ንግግር አሁን ለቅሶ ለቅሶ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዘዴ ይዣለሁ። የድሮዎቹን ሙሉ አልደግምም፣ ማን ጊዜ አለው? ስልኬ ላይ መጽሐፉን ከፍቼ የገጸ ባሕርይውን ስም ፍለጋ ውስጥ እጽፍና እሱ ያለባቸውን ትዕይንቶች ብቻ በተርታ አነባለሁ። ዞያ ላይ በጣም ይሠራል። ኒኮላይ ላይ ግን ስሙን ብቻ ብትፈልጉ መግቢያው ያመልጣችኋል፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ስቱርምሆንድ በሚባል የመርከብ አዛዥነት ነው። ሁለቱንም ስም ፈልጉ። ያ ሁሉ ቀልዱ መደበቂያ እንደሆነ የገባኝ እንደዚህ ሳነብ ነው። አሁንም ቀን ቀን ሲቀልድ ይውላል፣ ማታ ማታ ግን በውስጡ ያለው አውሬ እንዳይወጣ አልጋው ላይ በሰንሰለት ይታሰራል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ስፒን ኦፍ ለተማሪ አሪፍ ነው። የዓለሙን ቃላት ቀድመህ ስለምታውቃቸው መዝገበ ቃላት ጋ የሚያመላልስህ ነገር ይቀንሳል፣ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ታተኩራለህ። ጆሮዬንም እያለማመድኩ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ኦዲዮውን እከፍታለሁ። ባለፈው የኒና ምዕራፍ ላይ ነበርኩ፤ የጠላት አገር ፊየርዳ በረዶ ውስጥ ትሰልላለች፣ እኔ ሐረጎን ስወርድ ጆሮዬ ተደፍኖ ግማሹን አልሰማሁትም፣ ሲከፈትልኝ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀብሎኝ ጃኬቴን እያወለቅኩ ነበር። ያመለጠኝን ማታ ቤት ገብቼ በጽሑፍ አነበብኩት።

ስለ ኒና ካነሳን፣ የእሷ ክፍል ነው ያልጣመኝ። ሐዘኗ እውነተኛ ነው፣ ማን እንደሞተባት የኬተርዳምን ላላነበበ አልናገርም። ግን ከሁለቱ ርቃ ሌላ አገር ስላለች እነ ዞያ ጋ ነገሩ ሲጦፍ መጽሐፉ ነጥቆ ወደ እሷ ይወስድሃል፣ እዚያ ስትለምድ ደግሞ ይመልስሃል። ሌላው ቅሬታዬ መጨረሻው ነው። ሞቶ ያለቀለት የመሰለን አንድ ሰውዬ ይመለሳል። ኧረ ተይ ሊ! ሞቱ ላይ ያ ሁሉ ገጽ ፈሶ ሲያበቃ?

ኮምቦልቻ ያለችው ጓደኛዬ ኔትፍሊክስ ላይ የወጡትን የተከታታይ ፊልሙን ሁለት ምዕራፎች ብቻ አይታ በቀጥታ ከዚህ ልጀምር ትላለች። ፊልሙ የአሊናንና የኬተርዳሞችን ታሪክ አንድ ላይ ስለቀላቀለው እሱን ብቻ ይዛ ብትገባ ግራ ይገባታል። እኔ ብሆን በወጡበት ቅደም ተከተል ነው የማነበው፣ ሌቦቹንም ሳልዘል። ሰነፍኩ ካለች ቢያንስ የአሊናን ሁለተኛና ሦስተኛ መጽሐፍ ታንብብ፣ አለበለዚያ ዞያ ለሷ የምታሳዝን ልጅ ብቻ ሆና ትቀራለች፤ ቀድሞ ጠልቷት ያልነበረ ሰው ምን ጣዕም ያገኛል?

ሁለተኛውን ነገ እጀምራለሁ። ያነበባችሁ ካላችሁ ተመላሹ ሰውዬ ላይ እንከራከር፣ ዞያ የት እንደምትደርስ ግን እንዳትነግሩኝ።