ግማሽ ባትሪ ይዞ የሚሞተው መሣሪያ

በባትሪ የሚሠራ ነገር የምትሠሩ ካላችሁ ይቺን ገጠመኝ አንብቧት፤ ብዙ ድካም ታስቀርላችኋለች።

የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው። ለአፓርታማዎች የሮቶ ውኃ መለኪያ እንሠራለን። አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። መሣሪያው ሮቶው ላይ ይታሰራል፣ በየ15 ደቂቃው ይነቃል፣ የውኃውን ከፍታ በሎራ (በትንሽ ጉልበት ርቆ በሚልክ) ሬዲዮ ታች ዘበኛ ቤት ላለው ማሳያ ይልክና መልሶ ይተኛል። የሚሠራው 18650 በሚባለው መጠን በተሠራ አንድ ሊቲየም ባትሪ ነው። በስሌቱ መሠረት አንድ ዓመት መቆየት ነበረበት።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላ አለ።

የአንዱ ሕንፃ ዘበኛ አዛውንት ናቸው። መሣሪያው ዝም ባለ ቁጥር መሰላል ወጥተው ባትሪውን ያወርዱልናል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ቢበላ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው፤ እሳቸው በዚያ ዕድሜ ለእኛ ሥራ ብለው ጣሪያ ላይ መውጣት የለባቸውም።

ቢሮ ውስጥ ጥርጣሬው ሁሉ ባትሪው ላይ ወደቀ። ያለምክንያትም አይደለም፤ ገበያው ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት (የባትሪ የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) ተብሎ የተጻፈበት 18650 ሞልቷል፣ በዚያ መጠን ያለ እውነተኛ ባትሪ ግን ከ3500 ሚሊአምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም። የእኛዎቹ 2500 የሚሉ ነበሩ። አለቃችን ግን «ነጋዴው አታሎናል» ብሎ ወደ መርካቶ ሊመልሳቸው ካርቶን ውስጥ ከቷቸዋል።

አብራን የምትሠራ ቴክኒሻን ካርቶኑ ከመውጣቱ በፊት አንዱን አንስታ ለካችው። 3.7 ቮልት። ሌላውንም ለካች፣ ያው ነው። «ኢንጂነር፣ እነዚህ እኮ አላለቁም» አለችው። ሙሉ ባትሪ 4.2 ነው፣ ባዶው 3 አካባቢ። ስለዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጉልበት ገና ውስጡ አለ። እንግዲህ ችግሩ ሁለት ሆነ፤ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ መሣሪያው ደግሞ ባትሪው ሳያልቅ ይሞታል።

ቦርዱን ፈታነው። ዲዛይኑን የሠራው ሰው ጠንቃቃ ነበር። አመልካች መብራቱን አስቀርቶታል፣ ፕሮሰሰሩም ሲተኛ ጥቂት ማይክሮአምፔር ብቻ እንዲወስድ አድርጎ ነው የጻፈው። የባትሪውን ቮልቴጅ አውርዶ ለፕሮሰሰሩና ለሬዲዮው 3.3 ቮልት የሚያወጣው ሬጉሌተር ግን ኤኤምኤስ1117 ነው። ይቺን የማያውቅ የለም፤ ርካሽ ናት፣ የትም ትገኛለች፣ በሶኬት ለሚሠራ ነገር እንከን አይወጣላትም። ለባትሪ ግን አትሆንም። ዳታሺቷ (የአምራቿ መግለጫ) ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ምንም ጭነት ባይኖርባት እንኳ ለራሷ ብቻ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ትወስዳለች። ፕሮሰሰሩ ተኛ አልተኛ እሷ አትተኛም። 2500ን ለ5 አካፍሉት፣ 500 ሰዓት ነው፣ ሃያ ቀን ገደማ።

ታዲያ ሃያ ቀኑስ ለምን አልሞላም? ውስጧ ያለው የቆየ ዓይነት ባይፖላር ትራንዚስተር ስለሆነ መግቢያው ከመውጫው ቢያንስ በ1 ቮልት ያህል መብለጥ አለበት። ባትሪው 3.7 ሲደርስ 3.3 ማውጣት አትችልም፤ የምታወጣው 2.7 አካባቢ ነው። ፕሮሰሰራችን ደግሞ ከ2.7 በታች ሲሆን ራሱን ሪሴት እንዲያደርግ (ከዜሮ እንዲጀምር) ተደርጎ የተሠራ ነው። ሬዲዮው ሊልክ ሲነሳ ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ፕሮሰሰሩ ሪሴት ያደርጋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ሊልክ ይሞክራል፣ እንደገና ይወድቃል። ታች ያለው ማሳያ ላይ ግን የሚታየው ዝምታ ብቻ ነው።

ኤምሲፒ1700 በሚባል ሌላ ሬጉሌተር ቀየርናት። ይሄኛው ለራሱ የሚወስደው 1.6 ማይክሮአምፔር ነው፣ መግቢያው ከመውጫው በጥቂቱ ቢበልጥም ይበቃዋል፣ 250 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ሬዲዮው ሲልክ የሚፈልገው 120 ገደማ ስለሆነ በቂ ነው። ከ6 ቮልት በላይ ግን አይችልም፣ እሱን አትርሱ። እግሮቹም አይመሳሰሉም፤ የኤኤምኤሷ መሐለኛ እግር መውጫ ነው፣ የባለሦስት እግሩ ኤምሲፒ መሐለኛ ግን መግቢያ። ልጅቷ እግሮቹን አጣምራ በጥንቃቄ በየደችው።

ቦርዱ ሲተኛ የሚወስደውን ከረንት መለካትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። መልቲሜትሩን ማይክሮአምፔር ላይ አድርጋችሁ ከባትሪው ጋር በተከታታይ ብታስገቡት ቦርዱ ሲነሳ የሚፈልገው ከረንት በመልቲሜትሩ ውስጥ ማለፍ ያቅተዋል፣ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ቦርዱ አይነሳም። እሷ ሁለቱን የመልቲሜትር ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝታ ቦርዱ እስኪተኛ ጠበቀች፣ ከዚያ ሽቦውን አነሳች። ወደ 30 ማይክሮአምፔር አነበበ። ከ5 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ከ5000 ማይክሮአምፔር፣ ወደ 30 መውረዱ ደስ ቢልም እሷ አልረካችም። ስትፈልግ የባትሪውን መጠን ለማንበብ የገቡትን ሁለት ባለ100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች አገኘች፤ እነሱ ብቻቸውን 20 ያህሉን ይወስዱ ነበር። በ1 ሜጋኦም ተተኩና ትንሽ ካፓሲተር ተጨመረበት። አለቀ።

ባትሪዎቹን በቻርጀር ሞልተን እስከ ታች አውርደን ፈተንናቸው፣ የተጻፈባቸውን ያህል ገደማ ሰጡ። ነጋዴው ምንም አላጠፋም። አለቃችን ራሱ ደውሎ ነገረው።

አሁን እያንዳንዱ ቦርድ ከመውጣቱ በፊት ቮልቴጁ በሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ላይ ይታሰራል። ከ4.2 ጀምረን እየላከ ቀስ በቀስ እናወርደዋለን። 3.2 ሳይደርስ ሪሴት ያደረገ ቦርድ ጣሪያ ላይ አይወጣም።